ያውቁ ኖሯል? አሸዋን ድንጋይ የሚያደርጉ ባክቴሪያዎች

ልቅ አሸዋን በቀናት ውስጥ አጣብቆ ድንጋይ የሚያደርግ ባክቴሪያ አለ። ስፖሮሳርሲና ፓስቴሪ ይባላል። ድሮም በአፈር ውስጥ የሚኖር እንጂ በላቦራቶሪ የተፈበረከ አይደለም።

ለሥራው የሚፈልገው ዩሪያ ነው፤ ገበሬዎቻችን ለጤፍና ለስንዴ የሚበትኑት ያው ነጭ ማዳበሪያ። ባክቴሪያው ዩሬዝ በተባለ ኢንዛይም ዩሪያውን ሲሰባብረው አሞኒየምና ካርቦኔት ይወጣሉ። ውሃው ውስጥ ካልሲየም ከተጨመረ ካርቦኔቱ ከካልሲየሙ ጋር ተዋህዶ ካልሳይት ይሆናል፤ የኖራ ድንጋይ የተሠራበት ማዕድን ማለት ነው። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ካልሳይቱ በብዛት የሚከማቸው ሁለት የአሸዋ ቅንጣቶች በሚነካኩበት ቦታ ላይ ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ጥንካሬ የሚፈለገው በትክክል እዚያ ነውና። የቀረው ክፍተት ሙሉ በሙሉ ስለማይደፈን ውሃ በአሸዋው ውስጥ ማለፉን ይቀጥላል።

እ.ኤ.አ. በ1964 የጃፓኗ ኒጋታ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ፎቅ ቤቶች ብዙም ሳይሰባበሩ እንዳሉ በጎናቸው ተጋደሙ። ጥፋቱ የግንበኛው አልነበረም። በውሃ የተሞላ ልቅ አሸዋ ሲናወጥ እንደ ፈሳሽ ይሆናል፣ የተሸከመውንም ይለቃል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪሱ ጄሰን ዲዮንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በባክቴሪያ የታከመ አሸዋ እንዲህ ያለውን መፍረስ እንደሚቋቋም አሳይተዋል። ሕንፃው ከቆመ በኋላም ባክቴሪያውንና ምግቡን የያዘውን ፈሳሽ በቧንቧ ወደ መሠረቱ ማስገባት መቻሉ ተስፋውን ከፍ ያደርገዋል።

ነገሩ በብልቃጥ ብቻ አልቀረም። በኔዘርላንድስ የዴልፍት ተመራማሪዎች 100 ሜትር ኩብ አሸዋ በትልቅ ገንዳ ሞልተው ባክቴሪያውንና ምግቡን በአንድ ወገን አስገቡ፣ በሌላው ወገን ውሃውን ሳቡ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ልቁ አሸዋ ታጥቦ ሲወጣ 40 ሜትር ኩብ ያህል ጠንካራ አለት ተገኘ፤ ፈሳሹ የሄደበትን መንገድ ቅርጽ ይዞ። ጥንካሬው ግን ከቦታ ቦታ በእጅጉ ይለያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በናይሜኸን ከተማ አቅራቢያ ለጋዝ ቧንቧ ሲቆፈር ጠጠሩ እንዳይደረመስ ያጸኑት በዚሁ ዘዴ ነው።

አርክቴክቷ ጂንጀር ክሪግ ዶዝየር ደግሞ በሻርጃ ስታስተምር በባክቴሪያ የሚጠነክር፣ በእሳት መተኮስ የማያስፈልገው ጡብ ሠርታለች። በደቡብ አፍሪካም የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ዩሪያውን ከሰው ሽንት አግኝተው ጡብ አበጅተዋል።

ይሁን እንጂ ከእያንዳንዱ የዩሪያ ሞለኪውል ሁለት አሞኒየም ይቀራል። ታጥቦ ካልወጣ የከርሰ ምድር ውሃን ይበክላል። የእጥበቱና የማጣሪያው ወጪ ሳይታሰብ ዘዴውን «አረንጓዴ ሲሚንቶ» ብሎ ማወደስ ተገቢ አይመስለኝም።

ዋልካ መሬት ላይ ቤት ለሚሠራ ሰውም ይህ ባክቴሪያ አይደርስለትም፤ የዋልካው ቀዳዳዎች ከባክቴሪያው አካል ይጠብባሉ። ስለዚህ አንዳንድ ተመራማሪዎች ባክቴሪያውን ትተው ኢንዛይሙን ብቻ ይጠቀማሉ። ኢንዛይሙ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አሸዋ ባልሆነ ደለል ውስጥም ይገባል፤ የሚገኘውም ጃክ ቢን ከተባለ የአደንጓሬ ዘመድ ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1926 ዩሬዝን በክሪስታል መልክ ለይቶ ያወጣው፣ በ1946ም የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ከዚሁ ፍሬ ተነሥቶ ነው። አሞኒየሙ ግን በዚህም መንገድ መውጣቱ አይቀርም።