ህቦ የሚያውቅ ልጅ

ሁሩሙ ከመቱ ብዙም አይርቅም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በዚያ አካባቢ ሂካ የሚባል ልጅ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ወሰዱት፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ኖሮ በ1870 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ። ኋላ ኦኔሲሞስ ነሲብ የተባለው እሱ ነው። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ሊመልስ ሲነሳ ግን የእናቱ ቋንቋ ሳስቶበት ነበር። ክፍተቱን የሞላችለት እንደ እሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት። 500 ያህል ህቦ (እንቆቅልሽ)፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን በቃሏ ይዛ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱሱ ትርጉም በ1899 እ.ኤ.አ. ታተመ።

የተበጠሰው የቋንቋና የወግ ክር እንዲህ ካልተቀጠለ ወጣቱ ምን ይሆናል? ጥያቄውን በቁጥር የመረመሩት ተመራማሪዎቹ ማይክል ቻንድለርና ክሪስቶፈር ላሎንድ ናቸው። በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ 200 ያህል የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰቦችን አነጻጸሩ። በአንዳንዶቹ ራሳቸውን ያጠፉ ወጣቶች ቁጥር ያስደነግጣል፤ በብዙዎቹ ግን አንድም አልነበረም። ልዩነቱ የተያያዘው በበዓል ቀን ከሚለበስ ልብስ ጋር አይደለም። ከልዩነቱ ጋር ከተያያዙት 6 መለኪያዎች የባህል አዳራሽ አንዱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ማኅበረሰቡ ትምህርቱን፣ ጤናውን፣ መሬቱን በራሱ እጅ መያዙን የሚጠይቁ ናቸው። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቋንቋው በአብዛኛው ሰው አፍ ላይ ባለበት ማኅበረሰብ አደጋው እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ጉርምስና ድምፅም ገላም ወዳጅም የሚቀየርበት ዕድሜ ነው። «የትናንቱ አንተና የዛሬው አንተ በምን አንድ ሰው ናችሁ?» ተብለው በጥናት ሲጠየቁ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት አስበው ሆስፒታል የገቡ ወጣቶች አብዛኞቹ መልስ አጡ። ነገው የራሱ የማይመስለው ልጅ ለነገ አይሳሳም። እርግጥ አብሮ መገኘት ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ጉዳዩን በራሱ የሚመራ ማኅበረሰብ ሌላም የሚረዳው ነገር ይኖረዋል። ለእኔ ግን ግኝቱ የአያቶችን ወግ «ጊዜ ማሳለፊያ» ብሎ ለሚንቅ ሁሉ በቂ መልስ ነው።

ከዳሪሙ ገጠር ወጥቶ መቱ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያንን የመለወጥ ዕድሜ የሚያሳልፈው ከቤተሰቡ ምድጃ ርቆ ነው። እናንት የዳሪሙ ወላጆች፣ ለዕረፍት ሲመጣ ስለ ውጤቱ ከማንሳታችሁ በፊት እሳት ዳር አስቀምጣችሁ አንድ ህቦ ጠይቁት። እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከጠላ፣ «መኖር ሰለቸኝ» ካለ ግን ህቦ አይበቃውም፤ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።