ሐምዳይትን የተሻገረ ሰው መቼ ነዋሪ ይሆናል?

የትግራይ ጦርነት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ሲጀመር ከሑመራና ከአካባቢዋ የሸሸው ብዙ ሕዝብ ተከዜን ተሻግሮ ሱዳን ድንበር ላይ ወዳለችው ሐምዳይት ገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ ሱዳን የገባው ስደተኛ ከ60 ሺህ በለጠ። ሐምዳይት መሸጋገሪያ እንጂ መኖሪያ እንድትሆን አልታሰበችም፤ ሰዉ በአውቶቡስ እየተጫነ ወደ ገዳሪፍ ግዛት፣ ወደ ኡም ራኩባና ቱነይድባ ካምፖች ተወሰደ። የጠፋ ቤተሰቡን የሚጠብቀው ግን ድንበሩ ላይ ቀረ።

ኡም ራኩባ በ1980ዎቹም ኢትዮጵያውያንን አስጠግታለች። የዚያ ዘመን ስደተኞች የደረሰባቸው ዛሬም ሊታወስ ይገባል። ደርግ ወድቋልና ከ1991 በፊት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ከማርች 1 ቀን 2000 ጀምሮ ስደተኛነታቸው እንዲያበቃ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ወሰነ። መመለስ የሚያሰጋው ጉዳዩ በግል እንዲታይለት ማመልከት ይችል ነበር። ውድቅ የተደረገበት ሰው ግን ልጆች ባሳደገበት አገር እንደ ማንኛውም የውጭ ዜጋ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) እና የሥራ ፈቃድ የሚጠየቅ ሆነ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የሱዳን የ2014 የጥገኝነት ሕግ ስደተኛው ፈቃድ አውጥቶ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ከካምፕ ለመውጣት ደግሞ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሱዳን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት በ1974 ስትቀበል የመንቀሳቀስ ነጻነትን የሚደነግገውን አንቀጽ 26 አልቀበልም ብላለች። ሥራ የሚገኝበት የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ግን ያለው ከካምፑ ውጭ ነው። አረምና አጨዳ ላይ የዋለ ሰው ሒሳቡን በእጁ ተቀብሎ ይሄዳል፣ ስሙ የትም አይጻፍም። ከዓመታት በኋላ ነዋሪነት ቢጠይቅ የሠራባቸው ወራት ባዶ ሆነው ይታያሉ። በኤፕሪል 2023 ሱዳን ራሷ ጦርነት ውስጥ ስትገባና የካርቱም ቢሮዎች ሲዘጉ ወረቀቱ ያለፈበትስ ወዴት ሄዶ ያሳድስ?

ያው ስምምነት በአንቀጽ 17 የአገሬውን ሥራ ለመጠበቅ በውጭ ዜጎች ላይ የሚጣል ገደብ 3 ዓመት የኖረን ስደተኛ እንዳይነካ ይላል። የሚቆጥረው የኖረበትን ዘመን ነው።

ከሌላ አገር ጋር እናነጻጽረው፦ ካናዳ ውስጥ የሥራ ፈቃዱ ያለፈበት ሰው በ90 ቀን ውስጥ እንዲስተካከልለት ማመልከት ይችላል። እዚያው ሆኖ ያቀረበው የቋሚ ነዋሪነት ጥያቄ ውድቅ ሲሆንም በ15 ቀን ውስጥ ፌዴራል ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን እንዲመረምርለት መጠየቅ ይችላል። ቀነ ገደቡ ያስጨንቃል፣ ነገር ግን አቤቱታ የሚሰማ ዳኛ አለ። የገዳሪፍ ስደተኛ ከዚህ ያነሰ አይገባውም፦ ምክንያቱ የተጻፈበት ውሳኔ፣ ይግባኝ የሚልበት ጊዜና ያለ ጥፋቱ የተቋረጠውን ዘመን የሚያይለት ሰው።

እስከዚያው እዚያ ያላችሁ ወገኖች፣ ጊዜው ያለፈበትን ካርድ አትጣሉ። የምዝገባ ወረቀቱን፣ የራሽን ካርዱን፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ማስረጃ ፎቶ አንስታችሁ ለምታምኑት ዘመድ ላኩ። እምቢ ስትባሉም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ።