መስታወቱን አትዝጉት

ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። በሚያዝያና በግንቦት የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ የአየሩ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ደግሞ አቧራው ቅጠሉን ይሸፍነዋል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በፊት በካርቱሙ የአል-ሳሃፋ ሰፈር ቡና የሚያፈሉ እኅቶቻችን ጤና አዳማቸውን በጥላ ሥር፣ ከዚር አጠገብ ሲያሳድጉ አይቻለሁ። ዚር ሱዳኖች ለአላፊ አግዳሚው ውሃ የሚያቆሙበት የሸክላ እንስራ ነው።

ለእንዲህ ያለ አገር የቅመም ቅጠል በቤት ውስጥ የሚበቅልበት የቅጠል ሳጥን የሚገባውን ክብር አላገኘም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መስታወት በር ያለው አሮጌ ቁም ሳጥን፣ ከቅጠሉ አንድ ክንድ ሳይሞላ ከፍ ብሎ ነጭ የኤልኢዲ መብራት፣ በቀን 14 ሰዓት ገደማ።

የሚያናድደኝ «ከዘጋኸው ራሱን ይችላል» የሚለው ወሬ ነው። ወሬው መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1829 ናታንኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ፈርን የተባለ ተክል በቅሎ አገኘ። ከአፈሩና ከቅጠሉ የተነነው ውሃ መስታወቱን ነክቶ መልሶ ይንጠባጠባል። በ1833 በዚሁ ዘዴ ታሽገው ከለንደን የተላኩ ተክሎች ሲድኒ በሕይወት ደረሱ፤ በኋላም ሮበርት ፎርቹን የቻይናን ሻይ ወደ ሕንድ ያሻገረው በእነዚህ ሳጥኖች ነው። የዋርድን ፈርን ግን ቀጥፎ ወጥ ውስጥ የጨመረው የለም። እኛ በቀጠፍን ቁጥር ናይትሮጅንና ፖታሲየም ከሳጥኑ ይወጣል፤ አዲስ ቅጠል የሚሠራበት ካርቦን ደግሞ የሚመጣው ከውጭ አየር ነው። ጦስኝ ነፋስ በሚመታው የደጋ ገደል የሚበቅል ተክል ነው። ሮዝመሪም የደረቅ አገር ልጅ ነው። ሁለቱንም በላብ የተሸፈነ መስታወት ውስጥ ማፈን ማሻገት ነው። ስለዚህ ከታች አንድ፣ ከላይ አንድ ቀዳዳ ይኑረው፤ የሞቀው አየር በላይኛው ሲወጣ ቀዝቀዝ ያለው በታችኛው ይገባል።

ሳጥኑ በእውነት ራሱን የሚችለው በውሃ ነው፤ እሱም በሸክላ። ያልተለበጠ ትንሽ ማሰሮ አንገቱ ድረስ በአፈሩ ቅበሩና ውሃ ሙሉት። አፈሩ ሲደርቅ ውሃውን በሸክላው ቀዳዳዎች ይስበዋል፤ ሲረጥብ መሳቡን ያቆማል። ቻይናውያን ይህን ከጻፉት ከ2,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቀለም የተቀባ ወይም የተለበጠ ማሰሮ ግን ውሃ አያሳልፍም፤ ይህን ሳያዩ ገዝተው ተክሉን የሚያማርሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። አፉን ሳይከድኑ የሚተዉት ደግሞ የወባ ትንኝ ያረባሉ። ጨው ቀዳዳዎቹን ሲደፍንባችሁ ማሰሮውን አውጥታችሁ በብሩሽ ፈትጉት።

በሶብላን ከሮዝመሪና ከጦስኝ ለዩት፤ እሱ ውሃ ይወዳል፣ እነሱ ከማሰሮው ራቅ ይበሉ። በየሁለት ሳምንቱም የቀጠፋችሁትን የሚተካ ቀጠን ያለ ማዳበሪያ ስጡ።