የማይመረጠው ልጅ

የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዱን የሚያመው ልጅ ከየክፍሉ አይጠፋም። «ቲቸር፣ ዛሬ አሞኛል» ይልና ሹራቡን እንደለበሰ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝና ይህን ልጅ በየዓመቱ አገኘዋለሁ። ብዙ ጊዜ ሕመሙ ሌላ ነው። ሁለት አምበሎች ተራ በተራ ተጫዋች ሲመርጡ ሁልጊዜ እሱ ይተርፋል፤ መጨረሻ ላይም «በቃ፣ አንተ ወደዚያ ሂድ» ይባላል። ይህ የተደጋገመበት ልጅ ከሜዳ መራቅን ይማራል፤ ካደገ በኋላም እንደራቀ ይቀራል።

ሯጮችን የምታፈራ አገር ልጆች ነን። ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ እንደነበር፣ ሲሮጥ ግራ እጁን የሚያጥፈውም ከዚያ ለምዶ እንደሆነ ያልሰማ የለም። ታሪኩን ለተማሪዎቼ ደስ እያለኝ እነግራቸዋለሁ። ችግሩ ሜዳ ላይ ዓይናችን ወደፊት ሻምፒዮን የሚሆነውን ብቻ መፈለጉ ነው። ሃምሳ ልጅ አንድ ኳስ ይሰጠዋል፤ ጎበዞቹ ይጫወታሉ፣ ሌላው ቆሞ ያያል። የስፖርት ትምህርት ግን ከማንም በላይ የሚያስፈልገው በሕይወቱ አንድም ውድድር ለማያሸንፈው ልጅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በ146 አገሮች መረጃ ላይ በተሠራ ጥናት ግን ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ታዳጊዎች 81 በመቶው እዚያ አይደርሱም፤ ከወንዶቹ 78፣ ከሴቶቹ ደግሞ 85 በመቶ። ሴቶቹ ለምን እንደሚብሱ ሜዳ ላይ አየዋለሁ። ትናንት ገመድ ዝላይ ላይ የሚደርስባት ያልነበረ ልጅ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላ «አሁን እኮ ትልቅ ልጅ ነሽ» ተብላ ዳር ትይዛለች። ጉርድ ቀሚስ ለብሶ መዝለሉም ያሳፍራታል። ይህ ደግሞ አጥንት ጥንካሬውን በብዛት የሚያጠራቅምበት ዕድሜ ነው። ለእርጅና የሚሆነው ስንቅ የሚቋጠረው ያን ጊዜ በመዝለልና በመሮጥ ነው።

እኔ ጋ አምበል ተጫዋች አይመርጥም፤ ቡድን የምከፍለው እኔ ነኝ። የካልሲ ኳስ በብዛት እናዘጋጃለን፤ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ መስፋት ነው፣ ወጪ የለውም። ለአራት ለአምስት ልጅ አንድ ኳስ ሲደርስ ቆሞ የሚያይ አይኖርም። «የተነካ ይውጣ» የሚሉ ጨዋታዎችንም ለውጫቸዋለሁ፤ ቀድሞ የሚወጣው መጫወት የሚያስፈልገው ልጅ ነውና። የተነካው ዳር ላይ ጥቂት ዘሎ ይመለሳል። ሴቶቹ ቱታ ለብሰው እንዲመጡ ለወላጆቻቸው እነግራለሁ። ሆዱን ያመመውን ልጅ ደግሞ ሰዓት ያዥ አደርገዋለሁ፤ ብዙ ሳይቆይ ሰዓቱን ለሌላ ሰጥቶ ይገባል።

የማልቀበለው ነገር ቢኖር ሩጫን ቅጣት ማድረግ ነው። ያረፈደ ሜዳ ይዙር፣ የረበሸ ቁጢጥ ይበል ሲባል ልጁ እንቅስቃሴን ከጥፋት ጋር አያይዞ ያድጋል። የቤት ሥራ ያልሠራን ልጅ ዕረፍት መከልከልም ያው ነው። ፈተና ሲቃረብ የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ ለማጠናከሪያ መውሰድ ደግሞ ልማድ ሆኗል። «ቲቸር፣ ስፖርቱ ይቅርበትና ሒሳብ ያጥና» የሚሉኝ እናቶች ለልጃቸው አስበው መሆኑን አውቃለሁ። መልሴ ግን አንድ ነው፤ ተንቀሳቅሶ የገባ ልጅ ሒሳቡንም በተሻለ ትኩረት ይከታተላል።

ወላጆች ሆይ፣ ከተማችን ውስጥ በመኖሪያ ግቢ የተከፈቱ፣ ልጅ የሚሮጥበት ቦታ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። በምዝገባ ሰሞን ስለ ክፍያውና ስለ እንግሊዝኛው ስትጠይቁ፣ ሜዳ አለው ወይ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜውስ በፈተና ወቅት ይከበራል ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ወላጅ ያልጠየቀውን ትምህርት ቤት አያሟላም።