በጆሮ የሚታዩ ፊልሞች

«ሲነርስ»ን ያያችሁ ሁሉ የምታወሩት ስለ ደም መጣጮቹ ነው። እኔ ጋ የቀረው ግን ጊታሩ ነው። ፊልም በጠቆምኩ ቁጥር «ምኑን ወደድክለት?» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ተንታኝ አይደለሁም፤ የሲኒማ ትምህርትም የለኝ፤ ቅዳሜ ማታ ሶፋ ላይ የሚጋደም ተራ ተመልካች ነኝ። ሆኖም ከ2023 ወዲህ የወጡትን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) መለስ ብዬ ሳስብ የወደድኳቸውን ከረሳኋቸው የሚለያቸው አንድ ነገር አገኘሁ፦ ድምፃቸው። አስፈሪም ይሁን የታሪክ፣ የልጆችም ይሁን የሳይንስ ልቦለድ፣ ለድምፁ ያልተጨነቀ ፊልም በሳምንቱ ከጭንቅላቴ ይወጣል።

ከ«ሲነርስ» ልጀምር። የራያን ኩግለር ሥራ ነው፤ የወጣው በ2025። ዘመኑ 1932፣ ቦታው ሚሲሲፒ ውስጥ ክላርክስዴል። ስሞክና ስታክ የሚባሉ መንትዮች (ሁለቱንም የሚጫወታቸው ማይክል ቢ. ጆርዳን ነው) ከቺካጎ ገንዘብ ይዘው ይመለሱና አሮጌ የእንጨት መሰንጠቂያ ገዝተው የጭፈራ ቤት ያደርጉታል። ዘመዳቸው ሳሚ የሰባኪ ልጅ ነው። አባቱ «ያን ጊታር ጣል» ይለዋል፣ እሱ አይጥልም። የመክፈቻው ምሽት መድረክ ላይ ሲወጣ ነው ጉዱ የሚፈላው። መዝፈን ይጀምራል፤ ቤቱ ይሞቃል፤ ከዚያ በጨፋሪዎቹ መሀል የኤሌክትሪክ ጊታር የያዘ ሰው ብቅ ይላል። በ1932! ወዲያው የአፍሪካ ከበሮ መቺዎች ይመጣሉ፣ ዲጄ ሸክላውን ይፈትጋል፣ ከተማው ውስጥ ሱቅ ያላቸው ቻይናውያን ባልና ሚስት አጠገብ ደግሞ የቻይና ኦፔራ ተጫዋች ይሽከረከራል። የሞቱትም ያልተወለዱትም አንድ ቤት ውስጥ ይጨፍራሉ። ፊልሙ ገና ሲጀምር እንዲህ ያለ ተሰጥኦ እንዳለ በትረካ ነግሮናል፤ ያኔ «እሺ፣ ተረት ነው» ብዬ አልፌው ነበር። እዚህ ሲደርስ ግን ዜማው ራሱ አንዱን ዘመን ከሌላው ሲያያይዘው ይሰማል። ብሉዝ፣ ሮክና ሂፕሆፕ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች መሆናቸውን ከዚህ በላይ በአጭሩ ያስረዳኝ የለም።

ደም መጣጮቹም ቢሆኑ የሚመጡት በዘፈን ነው። አለቃቸው ሬሚክ አየርላንዳዊ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ክብ ሠርተው የአገሩን ዘፈን ሲጨፍሩ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔም እግሬ ተንቀሳቅሷል። ሳይጋበዙ ደጃፍ መርገጥ አይችሉም፤ ስለዚህ ያባብላሉ። (አስቡት፣ «ቤቶች!» ያለውን ሁሉ ማንነቱን ሳያጣራ «ግባ፣ ግባ» የሚል ሕዝብ መሀል ቢመጡ በአንድ ሌሊት ሰፈሩን ይጨርሱት ነበር።) ከመሀል በኋላ ያለው ግድያ ትንሽ በዝቶብኛል። ያም ሆኖ በቅርቡ ካየኋቸው አስፈሪ ፊልሞች አንደኛ ነው።

የዚህን ፊልም ሙዚቃ የሠራው ስዊድናዊው ሉድቪግ ጎራንሰን ነው። በ«ኦፐንሃይመር» ሙዚቃ ኦስካር የወሰደውም እሱ ነው። «ኦፐንሃይመር» ላይ ግማሹን ተኝተን አሳለፍነው ያላችሁኝ አላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስብሰባ፣ ምርመራና ክርክር ነው። ግን ለሁለት ቦታዎች ስትሉ ንቁ። አንደኛው የአቶም ቦምቡ ሙከራ ፍንዳታ ነው፤ ሐምሌ 16 ቀን 1945፣ ኒው ሜክሲኮ በረሃ። ብርሃኑ ሰማዩን ይሞላዋል፣ እሳቱ ወደ ላይ ይግተለተላል፣ ድምፅ ግን የለም። የሰው ትንፋሽ ብቻ። ይቆያል፣ ይቆያል፣ ልታስሉ ትፈራላችሁ። ከዚያ ይመጣል። ይህ የዳይሬክተሩ የክሪስቶፈር ኖላን ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፣ አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። መብረቁን አይቶ ነጎድጓዱን እየቆጠረ የሚጠብቅ እረኛ ያውቀዋል።

ሁለተኛው የእግር ድምፅ ነው። ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ የርግጫ ድምፅ አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ባቡር ነው እንዴ ትላላችሁ። ምንጩ የሚገለጠው ከሂሮሺማ በኋላ ነው፤ ቦምቡን የሠሩት ሰዎች አዳራሽ ተሰብስበው በደስታ ጣውላውን በእግራቸው እየደበደቡ አለቃቸውን ኦፐንሃይመርን ይጠብቁታል። ሰውየው ከዚህ ድምፅ አያመልጥም ነበር ማለት ነው። መድረክ ላይ ሲቆም ደግሞ ጭብጨባው ድንገት ይጠፋና አንድ ጩኸት ብቻ ይቀራል።

የሚገርመው የዚያን ዓመት የምርጥ ድምፅ ኦስካር «ኦፐንሃይመር» አላገኘውም። የወሰደው የጆናታን ግሌዘር «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ነው፤ ይገባዋልም። በጀርመንኛ የተሠራ ነው። የአውሽዊትዝ ካምፕ አዛዥ ሩዶልፍ ሆስ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ከካምፑ ግንብ ጥግ ይኖራል። አበባ አለ፣ መዋኛ አለ፣ ልደት ይከበራል። ካሜራው ግድያውን አንድም ጊዜ አያሳይም። ከግንቡ ማዶ ግን የውሻ ጩኸት፣ ተኩስ፣ የሰው ዋይታ፣ የማያቋርጥ የምድጃ ጉምጉምታ ይሰማል። በስልክ ስፒከር ካያችሁት ሀብታም ቤተሰብ አትክልት ሲንከባከብ የሚያሳይ አሰልቺ ፊልም ነው፤ ኢርፎን ስታደርጉ ሌላ ፊልም ይሆናል። የሚስትየዋ እናት ልትጠይቃቸው መጥታ በአትክልቱ ተደንቃ፣ ሌሊቱን ከሰማች በኋላ ሳትሰናበት ትሄዳለች። ከቤቱ ሰዎች ሁሉ ጆሮ የነበራት እሷ ብቻ ነበረች። ድንቅ ነው፣ ግን ደግሜ አላየውም።

ወደ ቀለል ያለው ልውሰዳችሁ። «ፍሎው» የላትቪያ አኒሜሽን ነው፤ ዳይሬክተሩ ጊንትስ ዚልባሎዲስ። ዓለም በውኃ ተጥለቅልቃ አንዲት ድመት ከውሻ፣ ከሌሙር፣ ረጅም እግር ካላት ወፍና ካፒባራ ከሚባል ወፍራም አይጥ መሳይ እንስሳ ጋር አንድ ጀልባ ላይ ትገኛለች። አንድም ቃል አይነገርም። ብሌንደር በሚባል ማንም በነፃ በሚያወርደው ሶፍትዌር ነው የተሠራው፤ በ2025 ግን «ኢንሳይድ አውት 2»ን ከመሳሰሉ ባለ ብዙ ሚሊዮን ዶላሮች ፊት የአኒሜሽን ኦስካሩን ወስዶ ሄደ። የእንስሳቱ ድምፅ ከእውነተኛ እንስሳት የተቀዳ ነው። የካፒባራው ድምፅ ግን ለባሕርይው አልሆነም ተብሎ የግመል ግልገል ተተካለት! ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያ እንስሳ አፉን በከፈተ ቁጥር አፋር ያለሁ ይመስለኛል። ከእህቴ ልጅ ጋር ነው ያየነው፤ ሌላ ጊዜ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለች የምታስቆመኝ ልጅ እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አየች። አንዴ ብቻ «ውኃው ደረሰባት!» ብላ ትራሱን አቀፈች።

ዝምታን የምትወዱ «ኤ ኳየት ፕሌስ፦ ዴይ ዋን»ንም እዩ። ሉፒታ ኒዮንጎ ድመቷን ይዛ፣ ድምፅ ሰምተው ከሚያድኑ ፍጡራን እየተደበቀች ኒው ዮርክ ውስጥ ፒዛ ፍለጋ ትሄዳለች። ሲኒማ ቤት ገብታችሁ ካያችሁት ፈንዲሻ አትግዙ፤ የአንድ ፍሬ ድምፅ አዳራሹን ሁሉ ያስገለምጣችኋል። «ኮንክሌቭ» ደግሞ ካርዲናሎች ፖፕ ሲመርጡ ነው፤ የሟቹ ፖፕ ክፍል በሪባንና በሰም ሲታሸግ እና ራልፍ ፋይንስ በአፍንጫው ሲተነፍስ የተሰማኝን ጭንቀት ብዙ የተኩስ ፊልም አልሰጠኝም። ፖፕ ፍራንሲስ በሚያዝያ 2025 ካረፉ በኋላ ያላየው ሰው ሁሉ ፈልጎ ያየው በከንቱ አይደለም። መጨረሻው ላይ ያለው ዱብ ዕዳ ግን ለእኔ የቸኮለ ነው።

«ዱን 2»ን በስልክ አይቶ «ይህን ያህልም አይደለም» ያለኝ ጓደኛዬ አለ። ያ ግዙፍ ትል ከአሸዋው ስር ሲመጣ ወንበራችሁ ካልተንቀጠቀጠ ያያችሁት ማስታወቂያውን ነው።

አሁን ወደማያስወድደኝ ነገር ልግባ። ትርጉም ፊልምን አልንቅም፤ እናቴ የፈረንጅ ፊልም የምታየው በእሱ ነው፤ ንባቡ ለዓይኗ አይመችም። አንድ ሰው ወንዱንም ሴቷንም ሕፃኑንም ሆኖ ሲተረክ የራሱ ጥበብ አለው፤ አንዳንዱ ተርጓሚ ከዋናው ተዋናይ ይልቅ ያስቃል። ችግሩ ዝም የሚባልበትን ቦታ አለማወቅ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ቻናል ላይ «ኦፐንሃይመር»ን ከፍቼ ነበር፤ ያ የፍንዳታው ዝምታ ሲደርስ ተርጓሚው ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንግዲህ ፈነዳላችሁ!» ዘጋሁት።

የራሳችን ፊልሞችም ከዚህ አይድኑም። ብዙዎቹ የአማርኛ የፍቅር ፊልሞች ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኪቦርድ አያርፍም። ሁለት ሰዎች ቡና ሲጠጡ ኪቦርድ፣ ሲጣሉ ኪቦርድ፣ እናት ስትሞት ደግሞ ዋሽንት ይጨመርበታል። ማልቀስ ያለብኝን ሰዓት ሙዚቃው ቀድሞ ስለሚነግረኝ አላለቅስም። በጀት ነው እንዳትሉኝ፤ ዝምታ ገንዘብ አያስወጣም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ካን ፌስቲቫል ሲደርስ ይዞ የሄደው አንድ ልጅ፣ ቹኒ የምትባል በግና የገጠሩን ተራራ ነበር። የጄሲካ በሺር «ፋያ ዳዪ» ደግሞ ሐረር ላይ የተቀረጸ ጥቁርና ነጭ ዘጋቢ ፊልም ነው። ስለ ጫት ነው፣ ግን ስብከት የለበትም። የቅጠሉ መንኮሻኮሽና በሹክሹክታ የሚያወሩት ሰዎች ድምፅ እንደ ሕልም ይወስዳችኋል። ታሪክ ካልተከተላችሁ የምትሰለቹ ግን አትጀምሩት።

«የዘፋኙን የአቤል ተስፋዬን ፊልምስ?» ላላችሁኝ፦ «ሃሪ አፕ ቱሞሮው»ን የከፈትኩት በወገናዊነት ነው፤ የእኛ ልጅ አይደል። ድምፁን ስለሚያጣ ዘፋኝ ነው፤ አቤል በ2022 ሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ በእውነት ድምፁ ጠፍቶበት ዝግጅቱን አቋርጦ ስለነበር ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጄና ኦርቴጋ አልጋ ላይ አስራው ዘፈኖቹን እያስከፈተች ስትተነትንለት ፊልም ሳይሆን የአልበም ማብራሪያ ሆነብኝ። ዘፈኖቹን ለብቻ ስሙ።

«ኤፍ ዋን»ን የጠየቃችሁኝ ደግሞ፦ ብራድ ፒት እርጅና የተጫነው ሹፌር ሆኖ የሚንኮታኮት ቡድን ሊያድን ይመጣል፣ ከወጣቱ የቡድን ጓደኛው ጋር ይናቆራል፣ የቀረውን ራሳችሁ ጨርሱት፤ አትሳሳቱም። የትኬቱን ዋጋ የምትከፍሉት ለሞተሩ ጩኸት ነው፣ እሱም ያዋጣል። ጥሩ ስፒከር ያለው ሲኒማ ቤት ካገኛችሁ ሂዱ፤ ባስ ውስጥ በስልክ ልታዩት ከሆነ ይቅርባችሁ።