ሙያ ለገበያ፤ የድሬዳዋ ጓዳ በየወቅቱ ምን ያስገኛል?

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው ብሂል በድሬዳዋ ገበያ እምብዛም የሚሠራ አይመስልም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ጊዜ ጀምሮ ይህች ከተማ ያገኘችውን ሁሉ በሚዛን መዝና፣ በሜትር ለክታ ስትሸጥ ኖራለች። ጨርቁ፣ ቡናው፣ ጫቱ፣ ቅመሙና ኤሌክትሮኒክሱ ዋጋ ወጥቶላቸዋል። እስከ ዛሬ በአብዛኛው ዋጋ ሳይወጣለት ከጎረቤት ወደ ጎረቤት በነጻ የሚተላለፍ አንድ ሸቀጥ ቢኖር የጓዳ ሙያ ነው። አንዷ ሳምቡሳ መጠቅለል ለጎረቤቷ ታሳያለች፤ ጎረቤቷ በተራዋ የዶሮ ብልት አወጣጥ ታሳያታለች፤ ሒሳቡም በቡና ላይ ይዘጋል።

ሆኖም የከተማዋ ነዋሪ እየተለወጠ ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ከሰጠ ወዲህ፣ የነጻ ንግድ ቀጣናውም በ2014 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከሌላ አካባቢ መጥቶ ቤት የሚከራየው ሠራተኛ የሚያስተምረው ጎረቤት ገና አላፈራም። ሊያገባ የተቃረበ ወጣት፣ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የተዘጋጀች ልጅ፣ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለበዓል የመጣ ዘመድ፣ የቤት ሠራተኛዋን ማሠልጠን የምትፈልግ እመቤት፣ እነዚህ ሁሉ ሙያውን በገንዘብ ሊገዙ የሚችሉ ደንበኞች ናቸው። ጥያቄው ሻጯ በመኖሪያ ቤቷ ብታስተምር ታተርፋለች ወይ? የሚለው ነው።

ሌላው ዓለም ለዚህ መልስ ከሰጠ ቆይቷል። በፓሪስ ከተማ ኮርዶን ብሉ የተባለው የምግብ ትምህርት ቤት ከ1895 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በክፍያ ያስተምራል። በጣልያን አገር ቦሎኛ ላይ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የተጀመረው ቼዛሪኔ የተባለ ማኅበር የቤት እመቤቶችን ከእንግዶች ጋር እያገናኘ በየቤታቸው ፓስታ ማዘጋጀት እንዲያስተምሩ ያደርጋል። በአገራችን የሆቴል ባለሙያዎችን የሚያፈራው ማሠልጠኛ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሟል። የወጥ ቤት ባለሙያው ዮሐንስ ገብረየሱስም የኢትዮጵያን ምግቦች በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አድርጎ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ለዓለም ገበያ አቅርቧል። ሙያ ዋጋ እንዳለው በዚህ ይታወቃል። ድሬዳዋ ላይ የሚቀረው ዋጋውን ከወቅቱ ጋር ማገናኘት ነው።

የትምህርት ቀን ከመብያ ቀን ይቀድማል

በዚህ ሥራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀን አቆጣጠር ላይ ነው። ዶሮ ወጥ መሥራት ለመማር የፈለገች ሴት በፋሲካ ዋዜማ አትመጣም፤ በዚያ ቀን የራሷ ድስት እሳት ላይ ነው። ስለዚህ አስተማሪዋ ከበዓሉ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር አለባት። ትምህርቱ ከበዓሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በፊት፣ ምዝገባው ደግሞ ከትምህርቱ ሌላ ሁለት ሳምንት በፊት መሆን ይገባዋል። ይህ ከሆነ ተማሪዋ አንድ ጊዜ በራሷ ቤት ሞክራ፣ የተበላሸባትን ጠይቃ፣ በበዓሉ ዕለት ሳታፍር ታቀርባለች።

በፋሲካ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ከበዓሉ በፊት ያለው ጊዜ የ55 ቀን ጾም በመሆኑ ዶሮውን በጾም ሠርቶ መቅመስ አይቻልም። ስለዚህ የፋሲካው ዶሮ ትምህርት ከጾሙ በፊት ባለው የቅበላ ሰሞን ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ በጥር ወር መሰጠት አለበት። የገና ጉዳይም እንዲሁ ነው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ የዶሮው ትምህርት በጥቅምት ያልቃል። ለእንቁጣጣሽ ግን የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ስለሚፈታ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜ ይበቃል። ይህን የማታውቅ አስተማሪ ባዶ ወንበር ታስተምራለች።

የቁልቢ ንግሥም የራሱ ገበያ አለው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ከመላ አገሪቱና ከውጭ የሚመጣው ምእመን በድሬዳዋ በኩል ያልፋል፤ ያድራል። የታኅሣሡ ንግሥ በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ለዚያ ሰሞን እንግዳ የሚዘጋጀው ትምህርት የጾም ምግብ መሆን አለበት። የሐምሌው ግን ጾመ ሐዋርያት ሐምሌ 5 ከተፈታ በኋላ ስለሆነ፣ ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ በስተቀር፣ ሥጋውም ቅቤውም ይቻላል።

የረመዳን ስሌት ሌላ ነው። የእስልምናው ዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ ረመዳን በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ወደ ፊት ይቀድማል። የሳምቡሳ፣ የባጂያ፣ የሾርባና የሙሸበክ ትምህርት የሚፈለገው ከረመዳን በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው። ጾሙ ከገባ በኋላ በቀን ማስተማር ለተማሪውም ለአስተማሪውም ከባድ ነው። ከዒድ በኋላ ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሐረር የሹዋሊድ በዓል ይከበራል። በዓሉ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ስለሰፈረ የሐረሪን ባህላዊ ምግብ፣ በተለይ ሁልበት መረቅንና ሆጃን፣ ማወቅ የሚፈልገው እንግዳ እየበዛ ቢሄድ አያስገርምም። ይህን ሙያ ያላት የሐረሪ እናት ድሬዳዋ ላይ ብታስተምር የምትሸጠው ነገር ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ነው።

የአንድ ማዕድ ጉዳይ

በድሬዳዋ አንድ ክፍል ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሊመዘገብ ይችላል። ሥጋ ከቀረበ ግን አንዱ ወገን ሳይቀምስ ይሄዳል፤ ያልቀመሰ ተማሪ ደግሞ የጨውን ልክ አይማርም። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ለሥጋ ትምህርት የተለያየ ቀን፣ የተለያየ ድስትና ቢላዋ መመደብ ነው። ሁለተኛው፣ ወጪ የሚቀንሰው፣ ሁሉም የሚበላውን መምረጥ ነው።

በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን በየካቲት ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገብተው ነበር። እንዲህ ባለው ዓመት የምስር ሳምቡሳ ለሁለቱም ገበያ ይሆናል። ለጾመኛው ክርስቲያን ሥጋ የለውም፤ ለሙስሊሙ ማፍጠሪያ ነው። አንድ ሊጥ፣ አንድ ዘይት፣ ሁለት ደንበኛ ማለት ነው።

ሙቀቱ፣ ውኃውና ቆጣሪው

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ፈርኔሎ አቀጣጥሎ ስምንት ሰው በአንድ ወጥ ቤት ማቆም አይሞከርም። በእነዚህ ወራት ትምህርቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ 4 ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ግን ቀዝቀዝ ስለሚል ከሰዓት በኋላም ይቻላል። በርበሬ ለማስጣትና ለማዘጋጀትም ይኸው ደረቅ ወቅት ይመረጣል።

ሙቀቱ ሊጡንም ይነካል። ደጋ ላይ እስከ ሦስት ቀን የሚፈጀው የእንጀራ ሊጥ እዚህ ቶሎ ይኮመጥጣል። ከአዲስ አበባ የመጣች ተማሪ በለመደችው ቀን ብትጋግር ኮምጣጣ እንጀራ ታወጣለች። ይህንን ልዩነት ለይታ የምታሳይ አስተማሪ የተከፈላት ገንዘብ ይገባታል። ሊጡ በአንድ ጠዋት ስለማይደርስ ደግሞ አስቀድማ አቡክታ የምታቆየው ሊጥ ያስፈልጋታል፤ ተማሪዎቹ የራሳቸውን አቡክተው ይወስዳሉ፣ የደረሰውን ደግሞ እዚያው ይጋግራሉ።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይስባል። ሁለት ምጣድ በአንድ የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ላይ መሰካት ፊውዝ ማቃጠል ነው። ስለዚህ አንዱ በኤሌክትሪክ፣ ሌላው በከሰል ወይም በቡታጋዝ እንዲሆን አስቀድሞ መወሰን፣ ከሰሉንም አየር በሚያስተላልፍ በረንዳ ላይ ማድረግ ይገባል። ውኃ በማንኛውም ጠዋት ሊቋረጥ ስለሚችል ሮቶው ወይም በርሜሉ ከዋዜማው ይሞላል።

ክረምት ሲመጣ ደግሞ የደቻቱን ጉዳይ መርሳት አይቻልም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደረሰው የሌሊት ጎርፍ ከተማዋን ምን ያህል እንደጎዳ ነዋሪው ያውቃል። ከወንዙ ማዶና ማዶ ያሉት ከዚራና መጋላ በድልድይ ቢገናኙም ዝናብ በሚያሰጋበት ሰሞን የማታ ትምህርት መያዝ ደንበኛን ማስጨነቅ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ይቆማል?

የሚከተለው የገበያ ዋጋ ሳይሆን ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ምሳሌ ነው። አንዲት እመቤት ስምንት ተማሪዎች ይዛ አራት ጠዋት ታስተምራለች እንበል። እያንዳንዱ ተማሪ ለአራቱም ቀን 4,000 ብር ቢከፍል ገቢዋ 32,000 ብር ይሆናል። ለአንድ ተማሪ በአንድ ቀን የ350 ብር አስቤዛ ቢያስፈልግ ድምሩ 11,200 ብር ነው። ለከሰል፣ ለመብራትና ለውኃ 2,400 ብር፣ ለረዳት 3,000 ብር፣ ለተሰበረና ላረጀ ዕቃ 1,400 ብር ብትመድብ ጠቅላላ ወጪዋ 18,000 ብር ይደርሳል። የሚቀራት 14,000 ብር ነው።

አራት ተማሪ ብቻ ቢመጣ ገቢው 16,000፣ ወጪው 12,400 ይሆንና 3,600 ብር ይቀራል። አራቱን የትምህርትና አራቱን የገበያ ቀን ብትቆጥር የቀን ዋጋዋ 450 ብር ነው። ከሁለት ሰው በላይ ካልተመዘገበ ከኪሷ ትከፍላለች፤ ከሦስተኛው ሰው ጀምሮ ወጪዋን ትሸፍናለች። አስቤዛው በ25 ከመቶ ቢወደድ ደግሞ ስምንት ተማሪ ይዛም ትርፏ ከ14,000 ወደ 11,200 ብር ይወርዳል። በበዓል ሰሞን ሽንኩርት፣ ዶሮና ዘይት እንዴት እንደሚወጡ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ቀብድ ያልተከፈለበት ወንበር ባዶ ነው። ቢያንስ ግማሹ ክፍያ በምዝገባ ዕለት መቀበል አለበት፤ የቀረ ተማሪ ቀብዱ እንደማይመለስለት፣ ግን ምትክ ሰው መላክ እንደሚችል በጽሑፍ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ የማይበላሸው አስቤዛ ዋጋው ሳይወጣ ይገዛል። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ኮረሪማው፣ የባቢሌው ለውዝ አስቀድሞ ይገባል። አትክልቱ ግን በዕለቱ ጠዋት ከቀፊራ ይገዛል። እንዲያውም የመጀመሪያውን ትምህርት ቀፊራ ገበያ ላይ መጀመር ይጠቅማል፤ የሐረማያን ድንችና ሽንኩርት መምረጥ፣ ቅመም አሽትቶ መለየትና ዋጋ መከራከር የሙያው ግማሽ ነውና።

ለነጋዴውና ለደላላው

የቅመም ነጋዴ በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ተማሪዋ ከትምህርቱ በኋላ ያንኑ ጣዕም ለማግኘት ያንኑ በርበሬና ያንኑ ኮረሪማ ትፈልጋለች። በልክ ተመዝኖ የታሸገ ቅመም ለአስተማሪዋ በዱቤ የሚያቀርብ ነጋዴ ስምንት አዳዲስ ደንበኞች ሊያገኝ ይችላል። የቤት ሠራተኛ የሚያስቀጥር ደላላም የሠለጠነች ሠራተኛ በተሻለ ደመወዝ እንደምትቀጠር ያውቃል። ሆኖም የሥልጠናውን ወጪ ከሠራተኛዋ ደመወዝ መቁረጥ ጸብ ያመጣል፤ ቀጣሪዋ ብትከፍለው ይሻላል።

በማስታወቂያ ሰው ጠርቶ፣ ገንዘብ ተቀብሎ በየወቅቱ የሚያስተምር ሰው ነጋዴ ነው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ስለሚመለከተው ወደ ከተማው ንግድ ቢሮ ሄዶ ሥራው በየትኛው መደብ እንደሚገባ፣ የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቅበት እንደሆነ ከመጀመሩ በፊት መጠየቅ አለበት። በተከራየችው ቤት የምታስተምርም ብትሆን ከአከራይዋ ፈቃድ ትያዝ፤ ጭሱና የሰው ግርግሩ ውል ያፈርሳል።

ካፒታሉ ትንሽ ነው፤ ድስቱም ምጣዱም ቤት ውስጥ አለ። በአንድ ጊዜ ስምንት ሰው ከመጥራት ይልቅ በመጀመሪያው ወቅት አራት ሰው በአንድ ዓይነት ምግብ አስተምሮ፣ ወጪውን በደብተር መዝግቦ ማየት ይመረጣል። በሁለተኛው ወቅት ከአራቱ ስንቱ ሌላ ሰው ይዞ እንደመጣ ሲቆጠር ሥራው እንደሚያዋጣና እንደማያዋጣ ከደብተሩ ይነበባል።