መቅደላ ላይ ያልተወሰደው

መቅደላ በተነሣ ቁጥር ወሬው ወደ እንግሊዝ አገር ይሻገራል። ከአምባው የተዘረፉት ዘውድ፣ የወርቅ ጽዋና ታቦታት፣ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል ዓለማየሁም አጽም መቼ ይመለሳሉ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከልክ በላይ ዘግይቷል። አምባው ራሱ ግን ከዚህ ሁሉ ክርክር ውጭ ቀርቷል።

ለዚህ ብዙ ሰው ርቀቱንና መንገዱን ምክንያት ያደርጋል። ለእኔ የሚያመዝነው ሌላ ምክንያት ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላን እንደ ጎንደር ነገሥታት በድንጋይና በኖራ አልገነቡትም፤ ቤቱ በአብዛኛው እንጨት፣ ጭቃና ሣር ነበር። የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እሳት ለቆበት ሲወርድ፣ ቆሞ የሚታይ ብዙ ነገር አልቀረም። ዛሬም የወጣ እንግዳ ሴባስቶፖል የተባለውን የቴዎድሮስን መድፍ አይቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ «ሌላ ምን አለ?» ይላል። ግንብ ለሌለው ቦታ ደግሞ የሚሟገት ጥቂት ነው።

ነገር ግን እሳት ሁሉን አያጠፋም። የከሰለ እንጨት በአፈር ውስጥ አይበሰብስም፤ ምሰሶ የተተከለበት ጉድጓድም በአፈሩ ቀለም ከብዙ ዘመን በኋላ ይለያል። የሮማ ወታደሮች ብሪታንያ ውስጥ የሠሯቸው የእንጨት ምሽጎች ከ1,900 ዓመት ገደማ በኋላ የታወቁት በዚሁ መንገድ ነው። ከብዙዎቹ በላይ የግጦሽ ሣር ብቻ ይታያል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የእንግሊዞች ሕግ፣ በጥንታዊ ቅርስነት በተመዘገበ ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ መቆፈርንም ሆነ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ማሰስን ይከለክላል። መቅደላን ያቃጠለች አገር በራሷ መሬት የተቀበረውን የእንጨት ምሽግ እንዲህ ትጠብቀዋለች።

እኛም የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለን። ያለ ፈቃድ ቁፋሮን ይከለክላል፤ በግንባታ ወቅት ቅርስ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ቦታን አስቀድሞ ለመጠበቅ ግን ወሰኑ መታወቅ አለበት። መድፉን ብቻ ቅርስ ብሎ አፈሩን መተው፣ ከቴዎድሮስ በፊት የነበረውን የወሎ ባላባቶች ምሽግም አብሮ መተው ነው።

እኔን የሚያሰጋኝ ክፉ አሳቢ ብቻ አይደለም። ለጎብኚ ተብሎ የሚቆፈር የእንግዳ ማረፊያ መሠረት፣ የተቃጠለውን ንብርብር በአንድ ቀን ሊያተራምሰው ይችላል። የተዘረፈው ዕቃ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሲበተን የትኛው ዕቃ ከየትኛው ቤት እንደ ወጣ ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ፤ ግምጃ ቤቱና የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የቆሙበት አፈር ከተተራመሰ ደግሞ የባሰ ይሆናል።

ጥበቃ ሲባል ገበሬውን ማስነሣት አይደለም። ሣር ማጨድና ከብት ማሰማራት ከሥር ያለውን እምብዛም አይነካም፤ የሚጎዳው ጥልቅ ቁፋሮ ነው። ሙዚየም የሚሠራ ከሆነም ከአምባው በታች፣ ባለሙያ አስቀድሞ በፈተሸው መሬት ላይ ይሁን።